ኪስ ሁሉ አንድ ላይ ሲደርቅ፦ የኢኮኖሚ ድቀት ሠራተኛን፣ ቤተሰብንና ሰፈርን እንዴት ይነካል?

አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሰሞኑን ኢኮኖሚስት ሆኗል። አንዱ «ገበያው ሞቷል» ይላል። ሌላው «ዶላሩ ነው እኮ» ይላል። ሦስተኛው «ድቀት ገብቷል በቃ» ብሎ ይዘጋዋል። ቃሉ እንዲህ በየአፉ ከገባ፣ ድቀት ሲመጣ ማንን በምን በኩል እንደሚመታ ቀለል አድርጎ መጻፍ አይከፋም። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ኑሮ ተወደደ ስንል ሥራው አለ፣ ደመወዙም ይገባል፣ ግን ብሩ ወር አያደርስም። ድቀት ሲሆን ሥራው ራሱ ይጠፋል። ፋብሪካው የሚገዛው ያጣና ማምረቱን ይቀንሳል፣ ነጋዴው ዕቃ ማስገባት ያቆማል፣ ባንክ ማበደር ይፈራል፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ ለሁለት ሦስት ወር ሳይሆን ለዓመታት ይዘልቃል። ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የለውም። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ግን የአንድ አገር ምርት ከ10 በመቶ በላይ ከወደቀ ወይም ውድቀቱ ከሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ ድቀት ይሉታል። ከዚያ በታች ያለው መቀዛቀዝ ነው።

ኢትዮጵያ አሁን ድቀት ውስጥ ናት እያልኩ አይደለም። የመንግሥት ቁጥር እድገት ነው የሚለው። የእኛ የሰሞኑ ሕመም በዋናነት የዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ይሄ ራሱ ስንቱን ቤት እንዳናጋ የምነግራችሁ እኔ አይደለሁም። ግን ሥራ ያለው ሰው በዋጋ መጎዳቱና ሥራ ራሱ ከአገር መጥፋቱ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚመስል ወደ ቤይሩት ስንደርስ እናየዋለን።

አሁን አሠራሩን እንይ። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ መካከለኛ ሆቴል አስቡ። እንግዳ ቀነሰ። ባለቤቱ ወዲያው ሰው አያባርርም። መጀመሪያ ኦቨርታይም ይቀራል። ከዚያ ሰርቪስ ቻርጁ ይሳሳል፣ ቲፑም ይጠፋል። አስተናጋጇ በወረቀት ላይ ደመወዟ ያው ነው፣ በእጇ የምትይዘው ግን በግማሽ ወርዷል። ስለዚህ ምሳ ከውጭ መብላት ትተዋለች። ፀጉሯን ቤቷ ትሠራለች። ለጓደኛዋ ሠርግ የምታሰፋውን ቀሚስ ትሰርዘዋለች። ምሳ ቤቷ፣ ፀጉር ቤቱና ሺሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ያጣሉ፤ እነሱም በተራቸው ይቆጥባሉ። ሸማኔው ክር መግዛት ይቀንሳል። ምሳ ቤቷ እንጀራ የምታቀርብላትን ሴት «ከነገ ጀምሮ ሃያ ብቻ አምጪ» ትላታለች። ማንም አላጠፋም። እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገው። የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ስለሆነ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲቆጥብ ሁሉም ይደኸያል። ድቀትን ለማስቆም የሚከብደው እዚህ ጋ ነው፤ ተጠያቂ ብለህ ጣትህን የምትቀስርበት አንድ ሰው የለም።

ዓለም ላይ ትልቁ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው ነው። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በጥቅምት ወር ወደቀ። እስከ 1933 ድረስ የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ምርት በግማሽ ገደማ ወርዶ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አጥ ሆነ። የሚገርመው በዚያን ጊዜ ዋጋም ወድቆ ነበር። ዳቦ ረክሶ ሰው የሚራበው ለዚህ ነው፤ ርካሽ ዳቦም ቢሆን በሳንቲም እንጂ በምኞት አይገዛም። ያ ሁሉ የአሜሪካና የአውሮፓ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከግማሽ በላይ ወረደ። ብራዚል ዋጋውን ለመደገፍ ብላ ከ1931 ጀምሮ ለዓመታት ቡናዋን በእሳትና በባሕር አጠፋችው፤ በጠቅላላው ከ70 ሚሊዮን ጆንያ በላይ ነው። ልብ በሉ፣ ያ ዘመን አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዘውድ የጫኑበት ዘመን ነው። ከተማው ለንግሡ አስፋልትና ሐውልት ሲያምርበት፣ አገሪቱ ወደ ውጭ የምትልከው ቡና ዋጋው ዓለም ላይ እየወደቀ ነበር።

የባንኩን ነገር ደግሞ መዝለል አይቻልም። በ1930 እና በ1933 መካከል አሜሪካ ውስጥ 9 ሺህ ገደማ ባንኮች ተዘጉ። ባንክ የሰጠኸውን ብር ካዝና ውስጥ አስቀምጦልህ አይደለም፤ አበድሮታል። ሁሉም ሰው በአንድ ጠዋት «ብሬን» ብሎ ከተሰለፈ፣ ጤነኛ ባንክም ቢሆን ሊከፍል አይችልም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመጋቢት 1933 ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ ባንኮችን ሁሉ ለጊዜው ዘጉ፤ በዚያው ዓመት የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚባለው ነገር ተፈጠረ። እኛም አገር ዛሬ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ አለ፤ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይመልሳል። ለብዙ ሰው በቂ ነው። ቤት ሊሠራ ብሎ ዕድሜውን ላጠራቀመ ሰው ግን አይደለም።

ወደ ሠራተኛው እንመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅነሳ ቅደም ተከተል አለው። ኦቨርታይም፣ ከዚያ ጥቅማ ጥቅም፣ ከዚያ የኮንትራት ሠራተኛ፣ ከዚያ «ያለ ደመወዝ ፈቃድ ውጣ» የሚባል ነገር፣ መጨረሻ ላይ ቋሚ ሠራተኛ። ጥበቃና ጽዳት ብዙውን ጊዜ በኤጀንሲ ስለሚቀጠሩ ድርጅቱ እነሱን «አሰናበትኩ» እንኳ አይልም፤ ውል አላድስም ይላል፣ አለቀ።

ቋሚ ከሆንክ ግን መብት አለህ፣ ብዙ ሰው ደግሞ አያውቀውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ በኢኮኖሚ ምክንያት ሠራተኛ ሲቀንስ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የስንብት ክፍያም አለ፦ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። በቅነሳ ወይም ድርጅቱ ጨርሶ በመዘጋቱ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በቁጥር እንየው። በወር 9 ሺህ ብር የሚከፈለው፣ 6 ዓመት የሠራ ሰው አለ እንበል። የቀኑ 300 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 9 ሺህ፣ ለቀሪው 5 ዓመት 15 ሺህ፣ ተጨማሪው 60 ቀን 18 ሺህ። ድምሩ 42 ሺህ ብር፤ ግብር ካለ ከዚህ ይቀነሳል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው የሚፈጸመው። ካልከፈሉህ ደግሞ ዝም ብለህ አትጠብቅ፤ ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ የመጠየቂያው ጊዜ 6 ወር ነው። «ብድር ላይ ነን፣ ትንሽ ታገሱን» እያሉ 7 ወር የሚያደርሱ አሠሪዎች አሉ። ፈገግ ብለው ነው የሚያደርሱህ።

42 ሺህ ብር በደህና ጊዜ አዲስ ሥራ እስክታገኝ መሸጋገሪያ ይሆናል። በድቀት ጊዜ ግን አምስት ወር የማይሞላ ደመወዝ ነው፣ ሥራ ፍለጋው ደግሞ ዓመት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል የሥራ አጥነት መድን አገራችን ውስጥ የለም። ከአዋጁ ውጭ ያሉትን ደግሞ አስቡ። የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ፣ ሱቅ በደረቴ፣ ጉልት ቸርቻሪ፣ እነዚህ ሁሉ «ተቀነስክ» የሚላቸው እንኳ የላቸውም። አንድ ቀን ገዢ ይጠፋል፣ በቃ።

እዚህ ላይ ከፈረንጆቹ ድቀት የምንለይበት ነገር አለ። እነሱ ዘንድ ድቀት ሲመጣ የሥራ አጡ ቁጥር ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ግሪክ ውስጥ 27 በመቶ ደርሶ ነበር። የተቀነሰው ሰው ተመዝግቦ ድጎማ እየተቀበለ ሥራ ይፈልጋል፤ ድጎማው እስኪያልቅም ቢሆን። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ደሃ ሰው ሥራ አጥ ሆኖ ለመቀመጥ አቅም የለውም። ከፋብሪካ የተቀነሰው በሳምንቱ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ካልሲ ይዞ ይቆማል። ግንባታው የቆመበት ፌሮ ሠራተኛ ተሸካሚ ይሆናል። ስለዚህ ድቀቱ በሥራ አጥ ቁጥር ላይ ብዙ ላይታይ ይችላል። የሚታየው መንገድ ላይ ነው። ትናንት አንድ ጀበና ቡና በነበረበት ጥግ ዛሬ አራት አለ፤ ጠጪው ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ቀንሷል። አራቱም «ሥራ አላቸው»። አራቱም የሚበላ ይዘው አይገቡም። ለኔ የከተማችን ኢኮኖሚ እንዴት እንደዋለ ለማወቅ ከየትኛውም መግለጫ ይልቅ ይሄ ይነግረኛል።

የገንዘቡን ያህል የሚጎዳው ሌላው ነገር ጊዜ ነው። እንግዳ ይመስላል ግን ታይቷል። ከቪየና ብዙ የማይርቅ ማሪየንታል የሚባል መንደር ነበር፤ ሕዝቡ በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይተዳደር ነበር። ድቀቱ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር መንደሩ ድረስ ሄደው የሰዉን ኑሮ መዘገቡ። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ ስላለው ብዙ ያነባል፣ ብዙ ይወያያል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የሆነው ተቃራኒው ነው። ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጻሕፍት ግማሽ ያህል ቀነሱ፤ ክፍያው ተነስቶላቸው እንኳ። ማኅበራትና ፖለቲካ ተረሱ። ተመራማሪዎቹ መንገድ ላይ የሰዉን አረማመድ ሲለኩ ወንዶቹ በዝግታ እየሄዱ በየደቂቃው ይቆማሉ። ሴቶቹ ግን ይፈጥናሉ፣ ምክንያቱም እነሱ ሥራ አልፈቱም፤ በትንሽ ሳንቲም ቤት ማስተዳደር ከበፊቱ የባሰ ሥራ ነው። «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» የተባለ ወንድ ከቁርስ እስከ ምሳ ያደረገውን መናገር ያቅተው ነበር። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ የሚያነቡትን የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል። በመጀመሪያው ወር ይላጫሉ፣ ሸሚዝ ይተኩሳሉ፣ ሲቪያቸውን በፕላስቲክ ይይዛሉ። ወራት ሲቆጠሩ መምጣታቸው ይሳሳል፤ ሥራው የለም ብለው ሳይሆን ከሰፈር ወጥቶ አራት ኪሎ ድረስ የመምጣቱ ምክንያት ስለጠፋባቸው ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይታየው ነው። ሥጋ ከወር ወደ በዓል ይዞራል። ወተትና እንቁላል ለትንሹ ልጅ ብቻ ይቀራሉ። ጤፉ ሩዝ ወይም ማሽላ ይቀላቀልበታል። ዘይት በሊትር መግዛት ቀርቶ በትንሽ ፌስታል፣ ከሰል በመስፈሪያ ይሆናል። ደሃ ሁልጊዜ በችርቻሮ ስለሚገዛ ለአንድ ሊትር ዘይት ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ምግቡ ሲያንስ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው፦ እናት መጨረሻ ላይ ነው የምትበላው፣ ወይም «እኔ ቅድም ቀምሻለሁ» ትላለች። ቀጥሎ ትምህርት ቤት ይመጣል። ልጁ ከግል ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ መንግሥት ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪ ምገባ ስላላቸው ለብዙ ቤት ዝውውሩ የአንድ ልጅ ቁርስና ምሳ ማለት ነው፤ እንደ ውርደት የሚያዩት ሰዎች ይሄን ቢያስቡት ጥሩ ነው። ከዚያ ኪራይ። ሁለት ቤተሰብ አንድ ቤት ይገባል፣ ያገባ ልጅ ወደ እናቱ ይመለሳል።

እዳው ከዚህ ሁሉ በፊት ጀምሯል። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር መጀመሪያ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ «ዱቤ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ባለሱቁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሱም ከአከፋፋይ በዱቤ ነው የሚያመጣው። ከሱቁ በኋላ ስልክ አለ። ቴሌብር ላይ ያሉትን ዓይነት አነስተኛ ብድሮች ወስዶ አንዱን በአንዱ መክፈል የጀመረ ቤት ችግሩን ለሚቀጥለው ወር ከነወለዱ አሳደረው እንጂ አልፈታውም።

ትዳርም ይነካል፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ጋብቻና ወሊድ ቀነሱ። ፍቺም ቀነሰ። ሰላም ስለነበር ሳይሆን መፋታት ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ሁለት ቤት ለማቆም አቅም ስላልነበረ ነው። ተፋቅረው ሳይሆን ተቸግረው አብረው የከረሙ ሰዎች ስንት እንደነበሩ ቁጥሩ አይነግረንም። ልጆችን በተመለከተ ግን በኦክላንድና በበርክሌ ከተሞች የዚያን ዘመን ልጆች ለአሥርተ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች አሉ። ጎረምሳ የነበሩት፣ ወጥተው ትንሽ ሠርተው ቤታቸውን የደገፉት፣ በአብዛኛው ደህና ሆኑ። የበለጠ የተጎዱት ድቀቱ ሲመጣ ገና ሕፃናት የነበሩት፣ በተለይ ወንዶቹ ናቸው። ጉዳቱ የመጣው ከብር ማጣት ብቻ ሳይሆን በአባትየው በኩል ነው፤ ገቢው የጠፋበት አባት ግልፍተኛ ይሆናል፣ ቅጣቱ ልክ ያጣል፣ ልጁ ደግሞ ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

«እኛ ግን እንረዳዳለን» የሚል ሰው አሁን ትዕግሥቱ ሳያልቅ አይቀርም። እውነት ነው፣ እንረዳዳለን። እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ ዘመድ አለን፣ ክፍለ ሀገር ጤፍ የሚልክ ወንድም አለን። እነዚህ ነገሮች የተሠሩት ግን ለአንድ ሰው መውደቅ ነው። የእድሩ ድንኳን አንድ ነው። አንድ ቤት ሲያዝን ሌላው ሰፈር ደርሶ ይተክለዋል። በአንድ ሌሊት አርባ ቤት ቢያዝንስ? ድቀት ማለት ያ ነው፤ አርባው ቤት በአንድ ጊዜ። እቁብን እዩት። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ሥራ ቢያጣ ዋሱ ይከፍላል። ዋሱም በዚያው ወር ከተቀነሰስ? ዳኛው ማንን ይዞ ማንን ይለቃል? ብዙ እቁብ የሚፈርሰው በሌብነት ሳይሆን እንዲህ ባለ ወር ነው። እድር ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ ያልከፈለን ይቀጣል፣ ሲደጋገም ይሰርዛል። ስለዚህ እርዳታው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ቀድሞ ከዝርዝሩ ይወጣል።

አርጀንቲናዎች በዚህ ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 መንግሥታቸው ሰው ከባንክ በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ እንዳያወጣ ከለከለ። ጥሬ ገንዘብ የጠፋበት ሰው ከዚያ በፊት በየሰፈሩ ወደተቋቋሙት የልውውጥ ክበቦች ጎርፎ በክበቦቹ ኩፖን መገበያየት ጀመረ፤ ሚሊዮኖች ገቡበት። መጀመሪያ በጣም ሠራ። ከዚያ ሁሉም ያመጣው አንድ ዓይነት ሆነ፦ የቤት ኬክ፣ አሮጌ ልብስ፣ የእጅ ሥራ። ዱቄትና ዘይት ይዞ የሚመጣ ጠፋ። ኩፖኑ ያለ ልክ ታተመ፣ አስመስለው የሚያትሙም መጡ፣ እና በ2002 አብዛኛው ክበብ ፈረሰ። ሰዉ ስላልተዋደደ አይደለም። ሁሉም ያለው ያው ነገር፣ የጎደለውም ያው ነገር ስለነበር ነው።

ቤይሩትን ደግሞ ብዙዎቻችን በዘመድ በኩል እናውቃታለን። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት፣ ለዓመታት አንድ ዶላር በ1,507 ይመነዘር የነበረው የአገሩ ገንዘብ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ። ሥራም ጠፋ፣ ዋጋም ጣራ ነካ፣ ባንኮችም የሰውን ዶላር ያዙ። የመካከለኛው ቤተሰብ በመጀመሪያ ከቆረጣቸው ወጪዎች አንዱ የቤት ሠራተኛ ነው። በ2020 ክረምት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው፣ አንዳንዶቹን ያለ ደመወዝና ያለ ፓስፖርት፣ በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ያ የሊባኖስ ድቀት እዚህ ቂርቆስና ልደታ ያለ ቤት ውስጥ የገባው በዚያው ወር ነው። ለወንድሟ ትምህርት የምትልከው ብር ቆመ፣ የእናቷ ኪራይ አደረ። የአገር ድንበር ለድቀት ብዙም አይከብደውም። ሃዋሳንም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ስትታገድ፣ የአሜሪካን ትዕዛዝ ይሰፉ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ሥራቸውን አጡ፤ ውሳኔው የተወሰነበትን ከተማ በካርታ ላይ እንኳ አላዩትም።

ገንዘብ ሲጠፋ ሌላም ነገር ይመጣል፤ ጥፋተኛ ፍለጋ። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሜክሲኮ ተወላጆች «ሥራችንን ወሰዱ» ተብለው ወደ ሜክሲኮ ተሸኙ፤ ብዙዎቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። በ1932 የወጣ አንድ ሕግ ደግሞ ባልና ሚስት ሁለቱም የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ቅነሳ ሲመጣ ቀድመው እንዲነኩ አደረገ፤ በተግባር የወጡት በአብዛኛው ሚስቶቹ ናቸው። እኛ ዘንድ ማን ላይ እንደሚዞር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ከክፍለ ሀገር የመጣው ቀን ሠራተኛ፣ ስደተኛው፣ የሌላ ብሔር ነጋዴ። አንዳቸውም ፋብሪካውን አልዘጉትም።

የሰፈር ነገር ካነሳን፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። ስለ ልማቱ መከራከር ሌላ ጽሑፍ ነው። እዚህ ጋ የሚመለከተን አንድ ነገር ነው፦ ዱቤ የሚሰጥህ ባለሱቅ፣ ልጅህን የምታይልህ ጎረቤት፣ ዋስ የሚሆንህ የእቁብ ጓደኛ፣ እነዚህ ሁሉ በአድራሻ የታሰሩ ናቸው። አዲስ ሰፈር የሄደ ሰው ኮንዶሚኒየሙ ቢያምርም ስሙን የሚያውቅ ባለሱቅ እስኪያገኝ ዓመታት ይወስድበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ላይ ድቀት ቢመጣ የሚያገኘን ተበትነን ነው።

ታዲያ ሁሉም አንድ ላይ ሲወድቅ ማን ነው የሚያነሳው? መልሱ ብዙ ሰው ባይወደውም መንግሥት ነው። ከሁሉም ጋር አብሮ ወጪውን የማይቀንስ አንድ አካል ሊኖር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ሩዝቬልት ያቋቋሙት አንድ የሥራ ፕሮግራም ብቻ በ8 ዓመት ውስጥ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ቀጥሮ መንገድ፣ ድልድይና ትምህርት ቤት አሠርቷል። እኛም አገር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ሴፍቲኔት አለ፤ መንገድ የሚጠርጉት፣ ችግኝ የሚተክሉት እናቶች ብዙዎቹ በዚያ የታቀፉ ናቸው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ አቅም ነው። አሜሪካ በራሷ ዶላር ተበድራ ማውጣት ትችላለች፤ እኛ ግን ነዳጁም መድኃኒቱም ማዳበሪያውም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። መንግሥት ዝም ብሎ ብር ካተመ ያ ብር ዘይቱን ያስወድደዋል እንጂ ሥራ አይፈጥርም። ለዚህ ነው ድሃ አገር ላይ ድቀት ሲመጣ ከውድነት ጋር ተቃቅፎ የሚመጣው። ለዚህም ነው እንዲህ ዓይነት መዝገብና አሠራር በደህናው ጊዜ መዘጋጀት ያለበት፤ ሰው ከተራበ በኋላ ቀበሌ ሄዶ ሊመዘገብ ቢሰለፍ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪደርስ ዕቃው ተሽጦ ያልቃል።

ለቤታችሁ የምለው ጥቂት ነው። የቅጥር ውላችሁን ፎቶ አንሱና አስቀምጡ፤ ስንት ድርጅት ሲዘጋ ፋይሉ አብሮ ይጠፋል። የጡረታ መዋጮ ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ በትክክል ገቢ መሆኑን ጠይቁ። ከተቻለ ባልና ሚስት ወይም ወንድምና እህት በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ አትደራረቡ፤ ቱሪዝም ሲወድቅ ሆቴሉም አስጎብኚውም መኪና አከራዩም አብረው ነው የሚወድቁት። የእድር መዋጮ ደግሞ መጨረሻ ላይ የምትቆርጡት ይሁን። እድሮች ራሳቸው ሥራ ላጣ አባል የስድስት ወር እፎይታ የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢጨምሩ ጠቅላላ ጉባኤ እንጂ ፓርላማ አይጠይቅም።

ድቀቱ አልቆ ኢኮኖሚው ማደግ ሲጀምር ደግሞ ቤቱ ወዲያው አያድግም። የአሜሪካ ምርት ከ1933 በኋላ መነሳት ጀምሮ ነበር፤ በ1940 ግን ሥራ አጡ አሁንም ከ14 በመቶ በላይ ነበር። አሠሪ ሲቆርጥ ፈጣን ነው፣ ሲመልስ ግን ይጠነቀቃል። መጀመሪያ ኦቨርታይም ይመለሳል፣ ከዚያ በቀን የሚቀጠሩት፣ ከዚያ የኮንትራት ሠራተኛ፣ ቋሚ ቅጥር መጨረሻ ላይ ነው። የተመለሰውም ሰው የድሮ ደመወዙን አያገኝም። በፔንስልቬንያ ለዓመታት ከሠሩበት ድርጅት በቅነሳ የወጡ ሠራተኞች ላይ የተደረገ የታወቀ ጥናት፣ ከ6 ዓመት በኋላም ገቢያቸው ካልተቀነሱት ጓደኞቻቸው ሲነጻጸር በ25 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። በደመወዙ ልክ ልጅ ላስመዘገበ፣ ኪራይ ለተዋዋለ፣ እቁብ ለገባ ሰው 25 በመቶ ማለት ከሦስቱ አንዱን መተው ነው።